ትዕግሥት የማያውቀው ሙዲራችን

መጠበቅ እንደ በሽታ የሚያስፈራው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ብረት ማቅለጫ ስሠራ ሙዲር የምንለው አለቃችን እንዲያ ነበር። ሻዩን ሳይፈላ ቀድቶ፣ ለምን አልቀላም ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው።

አንድ ቀን፣ ዓሪዳ ተራራ ላይ ፍየል ለሚያመላልስ መኪና የተጎታች መንጠቆ ልንሠራ ብረት አቀለጥን። የምድጃው ባለሙያ፣ የወሎው ሰዒድ፣ አሉሚኒየም ጨመረበት። አሉሚኒየሙ በቀለጠው ብረት ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይይዝና ደቃቅ ነጭ ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩ ተንሳፍፎ እስኪወጣ ካልተጠበቀ እዚያው ውስጥ ቀርቶ ብረቱን ያደክመዋል።

«ያላ፣ አፍስሱ!» አለ ሙዲሩ።

«ጥቂት እንታገሥ፤ ጠጠሩ አልወጣም» አለ ሰዒድ።

«ኸላስ፣ በቃ! ብረት ብረት ነው!»

አፈሰስን። መንጠቆው ሲቀዘቅዝ ሰዒድ በመዶሻ ቢመታው ለሁለት ተሰበረ። ስብራቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል።

«ይሄ ዳገት ላይ ቢሆንስ?» አለ ሰዒድ።

የመኪናው ሾፌር የሙዲሩ ታናሽ ወንድም ነው። ሙዲሩ ስብራቱን በጣቱ ዳበሰና ፊቱ ገረጣ።

በማግስቱ የቀለጠውን ብረት ትልቁ ባልዲ ውስጥ ስንቀዳ፣ ሙዲሩ ራሱ አጠገቡ ዘብ ቆመ።

«አሁን ይበቃል፣ እናፍስ» አለው ሰዒድ።

«ትንሽ ይቆይ።»

«ሙዲር፣ ሊረጋ ነው!»

«ይቆይ አልኩ!»

ቆየ፤ ረጋም። ሰዒድ ቀርቦ በመዶሻ ቢመታው እንደ ደወል ጮኸ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ብረት ሠርተን አናውቅም» አለ፤ «የባልዲ ቅርጽ መያዙ ነው እንጂ።»