ዓይኗ የተገለጠ ድመት

ሌሊቱን በሕልሜ መገናኛ አደባባይ ቆሜ ነበር። አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መኪኖቹን ትታ ወሬ ታስተላልፋለች።

«ሰምተሻል? ፍራሾቹ ሰው ላይ መተኛት ጀምረዋል አሉ።»

ለእኔ ነገረችኝ። ከኋላዬ ለቆመው ሰውዬም ነገረችው። ቀይ መብራት ይዞት ለቆመ አህያም በመስኮቱ አጎንብሳ ነገረችው። አህያው መሪውን እንደያዘ፣ «አሉ ነው ወይስ አይተሻል?» አላት። «አሉ ነው» አለችና ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች።

እውነት ነበር። በየበረንዳው ሰው ተነጥፎ ፍራሽ በላዩ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ከሥር ያለው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ቀስ ብለሽ እለፊ፣ ይነቃብኛል» ይለኛል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። አቶ ሽብሩ የሚባሉ ደንበኛ አሉኝ፤ የፍራሽ ፋብሪካ ከፍተው ሎጎ አሠሩኝ። እኔም ጅራቷን ከአፍንጫዋ ገጥማ የተኛች ድመት፣ እጄን ሳላነሳ በአንድ መስመር ሣልኩላቸው። ሥዕል ያስተማረኝ የለም፤ የተማሩት ግን እንዲህ ያለች መስመር ቢወጣላቸው ድግስ ይደግሱ ነበር። አቶ ሽብሩ አይተው፣ «ሰነፍ ትመስላለች፤ አንቂያት» አሉ። ለፍራሽ! ደጋግሜ እምቢ አልኩ። ትናንት ግን ታከተኝና ዓይኗን አፍጥጬ፣ አንገቷ ላይ የፋብሪካ ማርሽ አንጠልጥዬ ላክሁላቸው።

ፋብሪካው ስደርስ ድመቷ በሥራ አስኪያጁ ወንበር ተቀምጣለች። ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ ደም መስሏል። አቶ ሽብሩ ደግሞ ወረቀት ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል።

«አንቺ ነሽ ዓይኔን ያፈጠጥሽው?» አለች ድመቷ። «የማተሚያ ቤቱ ማኅተም ሳይወርድ መልሰሽ ክደኚልኝ። ከወረደ በኋላ እንዳለሁ መቅረቴ ነው።»

በመስኮት አየሁ። ሰፈር የሚያክል ክብ ማኅተም ከሰማይ ቀስ እያለ ይወርዳል። እርሳሴን አወጣሁ።

«ቆይ» አለች፤ «መጀመሪያ እኚህን አስተካክዪ። ጢማቸው ወደ ግራ ይሂድ። ሆዳቸው ትንሽ ዘመናዊ ይሁን።»

«ዘመናዊ ሆድ እንዴት ያለ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ? ፀሐይም ይጨመርባቸው፣ ከጆሯቸው የምትወጣ።»

«ልጄ፣ በእናትሽ!» ብለው ጮኹ አቶ ሽብሩ ከግድግዳው። «እንደተፈጠርኩ ተዪኝ!»

«ትንሽ ነገር ነው የሚቀረው አቶ ሽብሩ» አልኳቸው። እንዲያ ደስ ብሎኝ ሥዬ አላውቅም።

ጨረስኩ ስል ድመቷ ዘመድ ጠርታ ማማከር ጀመረች። የእህቷ ባል ገብቶ የአቶ ሽብሩን ጢም ወደ ቀኝ መለሰው። የግቢው ውሻ የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ ገባና ብዙ አሰበ። «የበፊቱ ይሻላል» ብሎ ወጣ። የበፊቱ የቱ እንደሆነ ልጠይቀው ስሮጥ ጣሪያው ተንቋቋ። ማኅተሙ ደርሷል።

«ዓይኔን!» አለች ድመቷ።

ዘልዬ አንዱን ዓይኗን ከደንኩት። ሁለተኛው ላይ እርሳሴ ተሰበረ።

«በጥፍርሽ ጫሪው!»

«ጥፍሬን ገና ትናንት መሠራቴ ነው» አልኳት። ጣሪያው ወረደ።

ብንን ስል ስልኬ ይጮኻል። ነግቷል። አቶ ሽብሩ ነበሩ።

«ረድኤት፣ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ማተሚያ ቤቱ ድመቷን ጨርቁ ላይ ሌሊቱን ሲያትም አደረ። ፍራሹ ልብሱን ለብሶ፣ ተጭኖ ወጥቷል።»

«እባክዎ አቶ ሽብሩ፣ የተኛችዋን እንመልሳት» አልኩ። እንዲህ ስለማመጥ ራሴን ሰምቼው አላውቅም።

«አሁንማ አለቀ። ለነገሩ እኔም ገና ካየኋት ጀምሮ ልቤን የወሰደችው የተኛችዋ ነበረች።»

«ታዲያ ምነው አንቂያት ይሉኛል?»

«ምን ነካሽ? ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ጨርቅ ስገዛ ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ዕቃ እንዳየሁ አማረ ልበል? ማጣጣል ደንቡ ነው። አንድ ጊዜ ደግመሽ እምቢ ብትይኝ እኮ እሺ ልል ነበር።»