አሥራ አንዱን መሐመድ አህመድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

በሉ ቁጭ በሉ! ይህን ጉድ ሃያ ምናምን ዓመት ሆዴ ውስጥ ደብቄው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ላፍረጠርጠው ነው።

ጠዋት ቢሮ ለሰርቨሩ አዲስ ቨርዥን መጣ ተባለና አንዷ የሥራ ባልደረባዬ አዲሶቹን ፊቸሮች፣ አዲስ የተጨመሩለትን ችሎታዎች ማለት ነው፣ ስክሪን ላይ ታስረዳን ነበር። "ተደጋጋሚ ዳታ ራሱ ያጸዳል" ስትል እኔ ከወንበሬ ብድግ!

"እንዳትነኪው!"

ጮኬ ነው ያልኩት። ስብሰባ ላይ!

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ምን ነካት ሳይሉ አይቀሩም። የነካኝን ልንገራችኋ።

ጊዜው በኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የነጋዴ ዕቃ ከኤርፖርት ጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚት ድርጅት ውስጥ እኔ ሰናይት ብቸኛዋ "የኮምፒውተር ባለሙያ" ነበርኩ። የሦስት ወር ኮርስ! አረማመዴን ብታዩ ግን ሰርቨሩን የፈጠርኩት እኔ ነበር የምመስለው።

አንድ ቀን የደንበኞቻችን ስም ለተቀመጠበት ሰርቨር አዲስ ቨርዥን በሲዲ መጣ። አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር አነበብኩት። እሺ፣ እውነቱን ልናገር፣ አገላበጥኩት።

ሁለት ፊቸር ልቤን ወሰደው። አንዱ፣ ሁለቴ የተመዘገበ ደንበኛ ካለ ፈልጎ አንዱን ብቻ ያስቀራል። ሌላው ደግሞ ማን ምን እንዳጠፋ በስም ይዞ ያስቀምጣል።

"ከእንግዲህ እዚህ ቢሮ ማንም አጥፍቶ አይደበቅም!" ብዬ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ ፊት ፎከርኩ። ፎከርኩ እኮ ነው የምላችሁ!

ቅዳሜ ጫንኩት። መሃል ላይ "ተደጋጋሚ ስሞች አግኝቻለሁ፣ ላጥፋቸው?" አለኝ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ላሳይሽም ብሎኝ ነበር። ማን ያነባል?

የስ!

ሰኞ ጠዋት በራችን በነጋዴ ተጨናነቀ። "ስምዎ የለም" ሲባሉ ሰዎቹ አበዱ። "እንዴት የለም? ዕቃዬ ኤርፖርት ተቀምጦ!"

አቶ ግርማ ፊታቸው ቀልቶ ወጡ። "ማነው ፋይል የነካው?"

ዝም ብል ምን ነበረበት? አልችልማ! "ጋሽ ሽኩር ናቸው" አልኩ።

ጋሽ ሽኩር የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ናቸው። ሃያ ዓመት በእጃቸው መዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ኮምፒውተሩን "ይሄ ሳጥን" ነው የሚሉት። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ኪቦርዱን በጨርቅ ሲወለውሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ማስረጃ? የለኝም! እርግጠኛነት ግን ሞልቶ ተርፎኛል።

"እኔ አልነካሁም" አሉ ጋሽ ሽኩር። አንዴ ብቻ። የእግድ ደብዳቤያቸውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

እኔ ግን ማስረጃውን ከሰርቨሩ አወጣለሁ ብያለሁ፣ አወጣለሁ! ሁለት ቀን ምሳ ሳልበላ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ታገልኩ። ረቡዕ ተሳካልኝ። አቶ ግርማን ጠራሁ። ሠራተኛውን በሙሉ ጠራሁ! ማን ጥሪ አለኝ?

ፕሪንተሩ ክርርር እያለ ወረቀቱን ተፋው። አቶ ግርማ ጮክ ብለው አነበቡ።

"ያጠፋው፦ ሰናይት። የጠፋው፦ መሐመድ አህመድ።"

ወደ ሁለተኛው መስመር ወረዱ።

"ያጠፋው፦ ሰናይት። የጠፋው፦ መሐመድ አህመድ።"

"እስቲ ቀጣዩን ገጽ ይዩት" አልኩ፣ ላቤ እየወረደ። ቀጣዩም ሰናይት ነው።

ለካ አሥራ ሁለት መሐመድ አህመድ የሚባሉ ደንበኞች አሉን! አንዱ ጫማ ያስመጣል፣ አንዱ የመኪና ዕቃ፣ አንዱ ሰዓት። ፕሮግራሙን የሠሩት ፈረንጆች ስምና የቤተሰብ ስም ካገኙ በቂያቸው ነው። እኛ ሞክሼዎችን የምንለየው በአያት ስም፤ ለአያት ደግሞ ቦታ የለውም። ሰርቨሩ ሁሉንም አንድ ሰው አድርጎ አሥራ አንዱን አሰናበተ። በኔ ፈቃድ! በኔው ጣት! ሌሎቹን ሞክሼዎች እንኳ አልቆጥራቸውም።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አቶ ግርማ የእግዱን ደብዳቤ ግልባጭ ቀደዱት። "ሂጂና አምጪያቸው። እሳቸው ካልመጡ አንቺም እንዳትመጪ።"

ሄድኩ። ገርጂ፣ ቤታቸው ድረስ። ከታክሲ ወርጄ ያን ጭቃ እየዘለልኩ ማልኩ፦ ቢያባርሩኝም፣ ቢሰድቡኝም፣ ውሻ ቢለቁብኝም ጋሽ ሽኩርን ሳልይዝ አልመለስም!

ስደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ለካ ሰፈሩ "ሽኩር የነጋዴ ዕቃ በልቶ ተባረረ" ብሎ ሲያወራ ነው የሰነበተው። ሊያጽናና የመጣም አለ፣ ጉድ ሊያይ የመጣም አለ። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ዕቃ ያልነኩ ሰውዬ!

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። በሹክሹክታ ታዲያ።

"ተነሺ ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።"

እፎይ ብዬ ልነሳ ስል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

"አሁን ለነሱም ንገሪያቸው።"

ነገርኳቸው። ሰርቨሩን፣ መሐመዶቹን፣ የስ ያልኩባትን ቅዳሜ፣ ሁሉንም። አንዲት እናት "ታዲያ ሽኩር ምንም አልወሰደም?" አሉኝ። "ምንም!" አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

ጋሽ ሽኩር ግን አልጨረሱም።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ" አሉ። "ከአጥር ማዶ ያሉት አልሰሙም።"

ከፍ አደረግኩ። ሰፈሩ ሰማ።

በማግስቱ ሥራ ገቡ። እሳቸው ከመዝገባቸው እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ መሐመዶቹን ከነአያቶቻቸው አንድ በአንድ መለስናቸው። አያቶቹን የት ጻፍሻቸው ካላችሁኝ፣ የፋክስ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ላይ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

እና ትምህርቱ ምንድነው? ሳታነቡ የስ አትበሉ ልል ነበር፤ ግን እኔ ማን ሆኜ ነው የምመክረው? ይልቅ አጥር ማዶ ላላችሁት ለእናንተም ልናገር፦ ጋሽ ሽኩር ምንም አልነኩም። እኔ ነኝ።

ተሰማ? ወይስ ከፍ ላድርገው?