ልስላሴዋ የተረጋገጠ ሳንቃ

ትልቅ መስሪያ ቤት ትልቅ ጥያቄ ይመልሳል። የመሻገሪያ ጀልባዎች ጽህፈት ቤትም "ቀለም ለሰለሰ የሚባለው መቼ ነው?" የሚለውን የሰው ልጅ ጭንቀት ሊያቃልል፣ ሰባት አባላት ያሉት የልስላሴ አረጋጋጭ ኮሚቴ አቋቋመ። ከሰባቱ አንዳቸውም ብሩሽ ይዘው አያውቁም። ለገለልተኝነት ሲባል ነው።

ቀቢው፣ ሰው ሁሉ ብሩሼ የሚለው፣ ስብሰባ አያውቅም። አዲሷን የመሻገሪያ ጀልባ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት፣ አቧራዋን ጠረገላት፣ ሰማያዊውን ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ ስስ አድርጎ ቀባት። በመጨረሻ ትንፋሹን ውጦ በብሩሹ ጫፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ሳብ አደረጋት። መስመር የሚባል ነገር ጠፋ። መስታወት ሆነች በቃ! ቅዳሜ ውሃ ካልገባች ከስራ እንደሚሰናበት ስለተነገረው፣ እፎይ አለ።

ኮሚቴው ከተፍ አለ። ሰብሳቢው ጣታቸውን ሰደዱ።

"አለቃ፣ አልደረቀም እኮ።"

"ልስላሴ በጣት እንጂ በወሬ አይረጋገጥም።"

ዳሰሱ። ስድስቱም በየተራ ዳሰሱ። ከዛ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ይሄ ምንድነው?"

"የእርስዎ ጣት ነዋ።"

"ሸካራ ነው። ይደገም።"

ደገመ። እነሱም ደገሙ። በሶስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤው ላይ "ቀቢው ጣት ጣት የሚል ቀለም ይጠቀማል" ብላ አሰፈረች። የጻፈችበት እጅ እስከ አንጓው ሰማያዊ ነው።

የብሩሼ ሚስት ምሳ ይዛለት መጥታ ጉዱን አየች።

"አንተ ሰውዬ፣ የሚነካኩት ነገር ለብቻ አትሰጣቸውም?"

"እንደ ህጻን?"

"ህጻንማ ቶሎ ይሰለቻል።"

ሐሙስ ጠዋት ብሩሼ ክንድ የምታህል ሳንቃ ቀብቶ፣ "ናሙና" ብሎ በር ላይ አቆማት። ኮሚቴው ሰፈረባት። ዳሰሰ፣ ተከራከረ፣ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ ዳሰሰ። ጀልባዋ ጓሮ ውስጥ ማንም ሳይነካት ተቀብታ ደረቀች። ሳንቃዋ ላይ የነበረው ቀለም ደግሞ ሁሉም ጣታቸው ላይ አለቀና፣ አርብ ከሰዓት ባዶ እንጨት ብቻ ቀረ። ኮሚቴው በጥልቀት መርምሮ አንድም የብሩሽ መስመር አላገኘም። ሳንቃዋ ባለማህተም የልስላሴ ምስክር ወረቀት ተሰጣት።

ቅዳሜ ተሳፋሪው የውሃው ዳርቻ ላይ ግጥም አለ። ብሩሼ ጀልባዋን እየገፋ መጣ። ታበራለች።

"ምስክር ወረቀት አላት?" አሉ ሰብሳቢው።

"የላትም። ያላት ሳንቃዋ ናት።"

"ያልተረጋገጠ ነገር ውሃ አይገባም። አንተም ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሃል።"

ብሩሼ ሳንቃዋን አመጣና ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛት። ከዛ ጎንበስ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

"ይሳፈሩ አለቃ። የመጀመሪያው ጉዞ የሰብሳቢ ነው ይላል መመሪያው።"

ሰብሳቢው ውሃውን አዩ። ህዝቡን አዩ። ዞር ብለው ኮሚቴያቸውን አዩ። ስድስቱም አባላት ሰማያዊ እጃቸውን አውጥተው ሃሳቡን በሙሉ ድምጽ ደግፈዋል።

ሰብሳቢው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወደ ጀልባዋ ዞሩ።

"ለስላሳ ናት" አሉ። "ከዚህም ያስታውቃል።"