አውቶማቲካችንና ሦስቱ ጓጉንቸሮች

እዚህ አገር ሳይሞከር የሚገዛው ትልቅ ነገር ብቻ ነው! አትከራከሩኝ… እስቲ መርካቶ ገብታችሁ አንዲት አምፖል ግዙ። ሻጩ ባንኮኒው ላይ ባለችው መሞከሪያ ጠምዝዞ፣ አብርቶ ካላሳያችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ትሰዳላችሁ? ሱሪ የሚገዛው ሰውዬ እንኳ ወገቡን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይለካል። ሐብሐብ በጥፊ ይመታል፣ ድስት በጣት ይንኳኳል፣ በጫማ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዱበታል። ያው ሰውዬ ግን ኮሚቴ ሆኖ ሲሰበሰብና ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን ሲገዛ፣ የሚጠይቀው ጥያቄ «ምረቃው መቼ ነው?» የሚል ብቻ ነው።

ይኼን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። እንጀራዬ ነው። የምሠራው የኃይል ማመንጫዎችንና ማከፋፈያ ጣቢያዎችን አውቶማቲክ የማድረግ ሥራ ላይ ነው። ሰው እየሮጠ በእጁ ይከፍትና ይዘጋ የነበረውን፣ ማሽኑ ራሱ አይቶ እንዲከፍትና እንዲዘጋ እናደርጋለን… እናደርጋለን ተብሎ ይታሰባል። በተግባር ግን መጀመሪያ ዕቃው ይገዛል፤ ቀጥሎ የምረቃው ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ለምን እንደተገዛ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። በቅርቡ «በኢነርጂው ዘርፍ የአውቶሜሽን ፕሮጀክቶችን አፈጻጸም ማሻሻል» በሚል ርዕስ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበን ነበር። የተሻሻለው ምሳው ብቻ ነው። ዶሮው በእውነት ጥሩ ነበር።

ይኼ በሽታ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ባለቤቴ ሕንፃ ድረስ ወርዷል! ስንዱ ከሸማ ተራ ጎን ባለ አንድ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ጥልፍ ቤት አላት። የሐበሻ ቀሚስ ደረት ላይ የምታዩትን ጥልፍ ማሽኑ በመርፌው ይሠራዋል፣ እሷ ደግሞ ከአጠገቡ ቆማ እንደ ሕፃን ትጠብቀዋለች። መብራት ድንገት ድርግም ሲል ማሽኑ ባለበት ይቆማል፤ ያ ደህና ነው። ክፉው መብራቱ እየተንቀጠቀጠ ሲደክም ነው። ያኔ መርፌው የት እንደነበረ ይጠፋዋል፣ ጨርቁም አለቀለት ማለት ነው።

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው። አንድ ቀን ምን እንደታያቸው እንጃ፣ የሕንፃውን ጄኔሬተር «አውቶማቲክ እናድርገው» አሉ። መብራት ሲጠፋ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይጠፋል። ሐሳቡ መልካም ነው! የስንዱ ባል ኢንጂነር ነው ተባለና እኔም አማካሪ ሆኜ ተጠራሁ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዕቃውን ከመግዛታችን በፊት ምን እንዲሠራልን እንደምንፈልግ እንነጋገር» አልኩ።

«አውቶማቲክ እንዲሆንልን ነዋ!»

«አዎ፣ ግን ምኑ ነው አውቶማቲክ የሚሆነው? የትኛው ፎቅ ቀድሞ ይበራል? ጄኔሬተሩ አልነሳ ቢልስ ምን ይደረጋል?»

«አውቶማቲክ ከሆነ ለምን አልነሳ ይላል? አንተ ልጅ በውነቱ ኢንጂነር ነህ?»

ጄኔሬተሩን የሚያዝዘው ፓኔል ለካ ከሳምንት በፊት ተገዝቶ ምድር ቤት ተቀምጧል! የተጠራሁት ለማማከር ሳይሆን ለማጨብጨብ ነው።

የምረቃው ዕለት ግን የሆነውን ብትሰሙ… ሪባን አለ፣ ድፎ ዳቦ አለ፣ የኮሚቴው አባላት ሁሉ አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገዋል፣ ከወረዳ የመጡ እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። መብራት አልጠፋም! በሳምንት ስንቴ እንደሚያበሳጨን የምታውቁት ያ መብራት፣ የዚያን ዕለት እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ አለ። ጠበቅን። ዳቦው ተቆረሰ። ደግሞ ጠበቅን። ሰዉ ሁሉ አምፖሉን አንጋጦ እያየ «በለው፣ ጥፋ እንጂ!» ይላል። ዕድሜ ልካችንን መብራት እንዲመጣ የተሳልን ሰዎች እንዲጠፋ ስንለምን ሰማዩም ሳይደነግጥ አይቀርም።

ወደ ጋሽ ወልዴ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ዋናውን ብሬከር አውርደን እንሞክረው። ደቂቃም አይፈጅ፣ አሁኑኑ እናየዋለን።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በምረቃ ቀን መብራት አጥፉ ትላለህ? ባይነሳስ? እነዚህ ሁሉ እንግዶች ፊት ልታዋርደን ነው?»

«እኮ፣ ባይነሳ ዛሬ ብናውቀው አይሻልም?»

«ሟርተኛ!» አሉኝ።

የፓኔሉ ስክሪን መብራቱ በቂ ማስረጃ ነው ተባለ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ቋንቋውን እንኳ ሳይቀይሩት ነው ተቋራጮቹ የሄዱት። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ስንዱ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ ነው።

ከምረቃው በሁለተኛው ቀን፣ አርብ ዕለት፣ እረፍት ወስጄ ስንዱ ዘንድ ቁጭ ብያለሁ፤ መብራቱ ከምረቃው ወዲህ ገና አንዴም አልጠፋም። ማሽኑ ላይ የተወጠረው የአንዲት ሙሽራ የመልስ ቀሚስ ነው። ሠርጉ እሁድ፣ መልሱ ሰኞ። ጨርቁን የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ ለልጃቸው ብለው ሸማኔ ቤት ተመላልሰው ያሠሩት ነው፤ ሌላ የለውም፣ ቢፈለግም አይገኝም። ስንዱ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልጠጣችም። ከአንገት እስከ እግር የሚወርደው ትልቁ መስቀል ደረት ላይ ደርሷል። በዚህ መሃል መብራት ድርግም!

ማሽኑ ባለበት ቆመ። ፎቁ ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣ ጄኔሬተሩ ጉርርር… ብሎ ተነሳ! አምፖሎቹ በሩ! ከላይ እስከ ታች እልልታና ፉጨት ሆነ። ስንዱ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ከተጋባን ወዲህ በሙያዬ ኮርታ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔም ምንም ሳልሠራ ኮራሁ።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«መጣ አይደል?» አሉ በሹክሹክታ። «ቀብር ላይ ነኝ… ግን ዘበኛው ደውሎ ነገረኝ። መጣ አይደል?»

«መጣ ጋሽ ወልዴ!»

«ሟርተኛ! በላት ለስንዱ፣ ሳትፈሪ ሥራሽን ቀጥዪ በላት! ከእንግዲህ በዚህ ሕንፃ መብራት ጠፋ የሚባል ነገር የለም!»

ስንዱ ሰምታለች። አማተበችና ማሽኑን አስነሳችው። መርፌው ተክ ተክ ተክ ማለት ጀመረ፣ መስቀሉ ቁልቁል ወረደ… ከዚያ ጄኔሬተሩ ሳል ጀመረው። አምፖሉ ፈዘዘ፣ ደመቀ፣ ደግሞ ፈዘዘ። ስንዱ «ወይኔ!» ብላ እጇን እስክትዘረጋ መርፌው አበደ። መስቀሉ ከሙሽራዋ ደረት ተነስቶ ብብቷ ሥር ገባ! ጨርቁ ተሸበሸበ፣ መርፌው ተሰበረ፣ ሁሉም ነገር ጨለመ።

ደረጃውን በሦስት በሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። ዘበኛው የቆርቆሮው ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ናፍጣ አልቆ ነው?»

«ኧረ ሙሉ ነው ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ተቆልፎ ነዋ።»

«ምኑ?»

በባትሪ አበራልኝ። ናፍጣው ከጋኑ ወደ ሞተሩ የሚወርድበት መክፈቻ በሰንሰለት ተጠፍሯል። ሰንሰለቱ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል! ነገሩ ወዲህ ነው። ድሮ ናፍጣው እየተሰረቀ አስቸግሮ ነበር። ኮሚቴው እርስ በርሱ ስለማይተማመን ሦስት ጓጉንቸር ገዛ፤ ሦስት አባላት አንድ አንድ ቁልፍ ያዙ፤ ሦስቱም ካልመጡ አይከፈትም። ያኔ መብራት ሲጠፋ ሦስቱ ከየሱቃቸው ወርደው ይከፍቱ ነበር። ጄኔሬተሩ አውቶማቲክ ሲሆንስ? ጓጉንቸሩ ይነሳ ያለ ሰው የለም! እንዲያውም ተቋራጮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ ኮሚቴው «ለጥንቃቄ» ብሎ መልሶ ቆለፈው። ጄኔሬተሩ የተነሳው ቱቦው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ነበር። እሷን ጠጥቶ ሞተ።

ቁልፍ ያዦቹ ዘንድ ደወልኩ። ሐጂ ሸምሱ ጁምዓ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው፤ መሆንም አለበት። እትዬ አስካለ አነሱ።

«መጣሁ፣ መጣሁ! ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ነኝ፣ ታክሲው አልነቃነቅ ብሎ ነው!»

ጋሽ ወልዴ ዘንድ ደወልኩ። «ጋሽ ወልዴ፣ ቁልፍ!»

«የምን ቁልፍ?»

«የናፍጣው!»

ከጀርባቸው ለቅሶ ይሰማል። «ኪሴ ውስጥ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ሬሳው ሳይገባ ጥዬ ልምጣ?»

ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ሦስቱም ቁልፍ ተገናኘ። የመጨረሻው ጓጉንቸር ቀጭ ብሎ ሲከፈት የመንግሥት መብራት ራሱ መጣ። እመኑኝ፣ እየፈጠርኩ አይደለም።

ወደ ላይ ስወጣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ደርሰዋል። ቀሚሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ስለ ፓኔሉ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ጓጉንቸሩ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ልጄ፣ እኔ ጄኔሬተር አላውቅም» አሉኝ። «የማውቀው ስንዱን ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናቴ» አለች ስንዱ።

ሌሊቱን ሙሉ በእጇ ተረተረችው፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን አልጠፋ አለ። ሙሽራዋ የታላቅ እህቷን ቀሚስ ለብሳ መልሷን በላች። እህትየው ሰፋ ያለች ስለሆነች ስንዱ ሄዳ ትከሻውን ወደ ውስጥ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ይዛላታለች። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ሙሽራዋ በአንድ በኩል ክንዷን ጠጋ አድርጋ ነው የቆመችው። እጅግ አዘንኩ፣ እጅግም ተናደድኩ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ግምገማ መቼም ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ የሚወጣበት ገላ መታጠቢያ ነው። ተቋራጩ፣ «ፓኔሉ ተነስ ብሎ ትእዛዝ ሰጥቷል፤ የኛ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል» አለ። የጄኔሬተሩ መካኒክ፣ «ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ያለ ናፍጣ ግን ማንም አይሠራም» አለ። ቁልፍ ያዦቹም ቁልፋቸውን በክብር ጠብቀዋል፤ ማን ይወቅሳቸዋል? ሁሉም የድርሻውን አሳምሮ ሠርቷል። የተበላሸው ቀሚሱ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ፕሮጀክት ጥፋቱ የኔ ነው ያለች አንዲት ሰው ብትኖር፣ ምንም ያላጠፋችው ሚስቴ ናት።

እጄን አወጣሁ። «ጓጉንቸሮቹ ይነሱ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን መብራቱን ራሳችን እያጠፋን እንሞክረው።»

«ናፍጣው ቢሰረቅስ?» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የተሻለ ሐሳብ አለኝ» አሉ። «መብራት ኃይሎች መብራቱን ሊያጠፉት ሲሉ አስቀድመው ደውለው ቢነግሩን፣ እኛ ከፍተን እንጠብቃለን።»

ተጨበጨበ! ፕሮጀክቱም በስኬት ተጠናቀቀ ተባለ።

ስንዱ በማግስቱ ገመድ ተስቦ የምትነሳ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር አሸክማ መጣችና ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት። እረፍት በሆንኩ ቁጥር የገመዱ ሳቢ እኔ ነኝ። ማከፋፈያ ጣቢያ አውቶማቲክ የሚያደርግ ኢንጂነር፣ ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲስብ የሚያየው ጎረቤት ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይስቃል። ይሳቁ።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስንዱ ጨርቁን እየወጠረች፣ እኔም ወገቤን ይዤ ትእዛዝ እየጠበቅኩ ነው። ጋሽ ወልዴ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ኮፍያቸውን አድርገዋል።

«ስንዱዬ፣ ልጄ… ከሌላ ሕንፃ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጥተውብናል። አውቶማቲኩን አሳዩን ይላሉ። ያ ፓኔል ደግሞ ሞተሩን አስነሳለሁ ብሎ ሲታገል ሲታገል ባትሪው ሞቷል፣ ስክሪኑ እንኳ አይበራም። ከዚህችው ከጄኔሬተርሽ አንዲት ቀጭን መስመር ብታወርጂልን?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። አፍላ ንዴት ይዞኝ ስንት ነገር ልናገር ነበር! ስንዱ ግን መቀሷን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ተነስ እንጂ ኢንጂነር» አለችኝ፣ «ገመዱን ሳብላቸው። አውቶማቲኩ እንግዳ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቁም እንዴ?»