ስለ ኢንተርኔት ስልክ ድርጅትና ስለ ልብስ ሰፊዋ ክፍል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ የወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ።
ቦታ፦ የልብስ ሰፊዋ ክፍል።
ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ፣ እርስ በርስ «ይቀመጡ» ሲባባሉ ተቆይቶ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. ሊቀመንበር፣ ከመጋዘን ኃላፊነት በጡረታ የተገለሉ፣ የቤቱ ታላቅ ወንድም፤
2. ምክትል ሊቀመንበር፣ ጎረቤት ያሉ ጸጉር አስተካካይ፤
3. የቴክኒክ ኃላፊ፣ የሊቀመንበሩ ልጅ፣ ትምህርቱን ከሁለተኛ ዓመት ቢያቋርጥም ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው፤
4. ጸሐፊ፣ የቀድሞ የሰዋስው መምህር፤
5. ልብስ ሰፊዋ፣ የሊቀመንበሩ ታናሽ እህት።

ያልተገኙ፦ አምስተኛው መሥራች። «መንገድ ላይ ነኝ» ካሉ ይህ ሦስተኛ ጉባኤ ነው።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ሦስት መሠረት ጉባኤ የሚጸናው አምስት ሰው ሲገኝና በምልዓት የተቆጠሩት ሁሉ ሲፈርሙ ነው። አንድ ሰው በመጉደሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ከክፍሉ ስለማይወጡ ለምልዓት ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ እንዲቆጠሩ ሊቀመንበሩ ወሰኑ። ልብስ ሰፊዋ በዚያን ጊዜ በአፋቸው እስፒል ይዘው ስለነበር አስተያየት አልሰጡም።

አንደኛ አጀንዳ፦ ክፍሉን ስለ መረከብ

ሊቀመንበሩ፣ ሰው ሁሉ ባሕር ማዶ ካለው ዘመዱ ጋር በኢንተርኔት ስልክ እንደሚነጋገር፣ ድርጅቱም መንገድ ዳር ያለ ቢሮ እንደሚያሻው፣ ክፍሉ የአባት ውርስ መሆኑንና የስፌት መኪናው ወደ መተላለፊያው ሊወጣ እንደሚገባ በሰፊው አብራሩ። ልብስ ሰፊዋ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ሰኞ ጠዋት ማስረከብ እንዳለባቸው፣ ካላስረከቡም ሥራው ለሌላ እንደሚሰጥ ገለጹ። መተላለፊያው መስኮት የለውም ቢሉ፣ ኢንጂነሩ የስልክ ባትሪ ማብራት እንደሚቻል አክስቱን አስረዳ።

ጸጉር አስተካካዩ በመጀመሪያ «ሴትዮዋን ከእንጀራዋ አናፈናቅል» የሚል ጠንካራ አቋም ይዘው ነበር። በክፍሉ ጥግ አንድ መስታወትና አንድ ወንበር እንዲያኖሩ ሲፈቀድላቸው አቋማቸው ከዕድገት ጋር የሚጣጣም ሆነ። ጸሐፊው እንዲያጥር የተሰጠ ሱሪያቸው በልብስ ሰፊዋ እጅ ስላለ፣ የጥቅም ግጭትን በመስጋት ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ልብስ ሰፊዋም እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ አልተቆጠረም።

ከረዥም ውይይት በኋላ በሦስት ድጋፍ ጸደቀ። የስፌት መኪናው ወዲያው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ተከትለው ሲወጡ ምልዓቱ እንዳይጓደል ተሰጋ፤ ሊቀመንበሩ ግን በሩ ክፍት እስከሆነና አንድ እግራቸው ከደጃፉ ወዲህ እስካለ ድረስ እንደተገኙ እንደሚቆጠር በይነዋል።

ሁለተኛ አጀንዳ፦ ደዋዩ አንድን ሲጫን ማን እንደሚያነሣ

ኢንጂነሩ፣ የሚደውል ሰው «ለእገሌ አንድን ይጫኑ» የሚል ድምፅ እንደሚሰማ አስረዳ። ሊቀመንበሩ በዕድሜ፣ ጸጉር አስተካካዩ የከተማውን ራስ ሁሉ በማወቃቸው፣ ኢንጂነሩ በሙያው፣ አንድ ቁጥር ለራሳቸው እንዲሆን ጠየቁ። ጸሐፊው፣ በተማሩበት ዘመን አንደኛነት የሚገኘው በፈተና እንጂ በጥያቄ እንዳልነበረ፣ እሳቸውም አምስት ዓመት በተከታታይ ማግኘታቸውን ለማስታወስ ያህል ጠቀሱ። ጸጉር አስተካካዩ ሊቀመንበሩን «መጋዘን ጠባቂ» በማለታቸው፣ ሊቀመንበሩም «መላጣን እንኳ የሚላጭ ምላስ» በማለታቸው ጉባኤው ለአጭር ጊዜ ተቋርጧል።

ከረዥም ውይይት በኋላ አራቱም አንድ ቁጥር እንዲሆኑ፣ ማንም እንዳይከፋ ሁለት ቁጥር ባዶ እንዲቀር ተወሰነ።

ሦስተኛ አጀንዳ፦ ሙከራ

ኢንጂነሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ከጸጉር ቤቱ ደወለ። አራቱም ስልኮች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ሊቀመንበሩ ለጸሐፊው «መምህር፣ ይቅደሙ» አሉ። ጸሐፊው፣ ታላቅ ባለበት ስልክ ማንሣት ያደጉበት ሥርዓት እንደማይፈቅድ መለሱ። ጸጉር አስተካካዩ፣ ቀድሞ ማንሣት ለእሳቸው ነውር እንደሆነ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ «ኧረ በእኔ ሞት» ሲሉ ስልኮቹ ዝም አሉ። ኢንጂነሩ ተመልሶ ማንም አለማንሣቱን ቢያመለክት፣ የታየው የአገልግሎት ጉድለት ሳይሆን የጨዋነት ትርፍ መሆኑ ተገልጾለታል። ሙከራው እንደተሳካ ይመዝገብ ተባለ።

ወዲያው እንደገና ጮኹ። ይህ ግን የእውነት ደዋይ ነበር፤ ኢንጂነሩ ጠዋት የድርጅቱን ቁጥር በልብስ ሰፊዋ «ልብስ እንሰፋለን» የሚል ማስታወቂያ ላይ ለጥፎት ነበርና። አባላቱ እንደገና መቀዳደም ሲጀምሩ፣ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን በደጃፉ ሰድደው የቅርቡን ስልክ አነሡ። የደወሉት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ናቸው፤ ዩኒፎርሙ ሰኞ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ ደውለው እንደሚመልሱላቸው ነግረው ዘጉ።

ሊቀመንበሩ ርእሰ መምህርቷ የድርጅቱ የመጀመሪያ ደንበኛ ተብለው እንዲመዘገቡ ጠየቁ። ከዚያም ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን አልተቀበሉም።

«ፈርሚ እንጂ፣ እህቴ፤ ወግ ነው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ልብስ ሰፊዋ የሚከተለውን ተናገሩ፦ «ወንድም ጋሼ፣ መጉደልን ስትፈሩ ቆጠራችሁኝ፣ ለመናገር ስነሣ አልቆጠራችሁኝም። እንግዲህ ቁጥሬን ይዤ ልውጣ።» ይህን ብለው እግራቸውን ከደጃፉ አነሡ።

ጸሐፊው አንቀጽ ሦስትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሊቀመንበሩ አንቀጹን ማን እንዳረቀቀው ጠየቁ፤ ራሳቸው መሆናቸው ተነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ ከመተላለፊያው ሆነው፣ የሚፈርሙት አንድ ውሳኔ ብቻ እንዳለ አስታወቁና ቃል በቃል አስጻፉት።

ውሳኔ፦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ አጀንዳ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ የስፌት መኪናውን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ተሸክመው ይመልሱት፤ በማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ይላጥ። አምስቱም ፈረሙ። እግራቸውን ወደ ደጃፉ መልሰው አስቀድመው የፈረሙት ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ ማንም ይቅደሙ አላላቸውም።

ጉባኤው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ። ሊቀመንበሩ የመዝጊያ ንግግር አድርገዋል፤ ሆኖም የስፌት መኪናው ሥራ ስለ ጀመረ ያሉት ነገር ሊመዘገብ አልቻለም። የጸሐፊው ሱሪ ከዩኒፎርሙ በኋላ እንዲታይ ተላልፏል።