ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «አለቀለት!» ያልኩት እኔ ነኝ

ጓዶች፣ ዛሬ አሰላ ውስጥ አንድ እብድ ታየ የሚል ወሬ ከሰማችሁ ማን ይሆን ብላችሁ አትድከሙ። እኔ ነኝ!

ቼዝ እንደምወድ ታውቃላችሁ። መጫወቱን አይደለም፣ ማየቱን። የዓለም ምርጦች ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር እየዞሩ ይገጥማሉ፤ የየውድድሩ ነጥብ ይደመርና መጨረሻ ላይ አንድ ሻምፒዮን ይወጣል። አንድም ላይቭ አላመለጠኝም።

የኔ ሰውዬ በመጀመሪያው ውድድር ውራ ወጣ። በሁለተኛው ተዋረደ። ከዚያ ተነሳላችሁ!

ዛሬ የመጨረሻው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ነበር።

ዛሬ ደግሞ የጎረቤታችን የጋሽ ማሞ ሠልስት ነበር።

እናቴ «ተነስ፣ ሰው ይታዘበናል!» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ሄድኩ። ግን ኢርፎኔን በጋቢዬ ውስጥ አሳልፌ። (አትፍረዱብኝ!)

ከእድራችን ሰብሳቢ ከኦቦ ቱፋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ፣ ጋቢው ስር አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። ላየኝ ሰው ሐዘን የሰበረው ወጣት!

ሰውዬዬ ሆን ብሎ ንግሥቷን አስበላ። ንግሥቷን! ተንታኞቹ አበዱ። ወዲያው የተጋጣሚው ንጉሥ መሸሻ አጣ።

«አለቀለት!»

በሆዴ ያልኩት መስሎኝ ነበር።

ድንኳኑ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ወይኔ!» ብላ ለቅሶውን እንደ አዲስ አስነሳችው። ኦቦ ቱፋ ጥምጥም አሉብኝ። «አብሽር ልጄ! ማል ጎና? ምን ይደረጋል? ለካ እንዲህ ትወደው ነበር!»

ምን ልበል? አለቀስኩ! እንባው የምር ነው፣ የደስታ ከመሆኑ በቀር።

ሲያቅፉኝ ግን የኢርፎኑ ገመድ ተነቀለ። የሰው ስልክ እንዲህ ሲሆን ዝም ይላል። የኔ? ጭብጨባ! ፉጨት! «ቢዩቲፉል! ቢዩቲፉል!»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ የጋሽ ማሞ ባለቤት እትዬ አስካለ።

«ቼዝ ነው... የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ስለሆነ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስልኩንም እኔንም አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያው አስለቀስኳቸው ብዬ ቀና ስል እየሳቁ ነው!

«ማሞም እንዲሁ ነበር! የሠርጋችን ዕለት ራዲዮ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ኳስ ሲሰማ፣ ልክ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁን ‹ጎል!› አለ። አባቴ እስኪሞቱ ይቅር አላሉትም!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ስቀው ስቀው መሃል ላይ እንባ ቀደማቸው። እጄን ያዙ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንዴት እንደሞተ ነው» አሉ ቀስ ብለው። እኔም ያኔ የምር አለቀስኩ።

ኦቦ ቱፋ ብቻ አልሳቁም። «ድንኳኑን የምትነቅለው አንተ ነህ። ብቻህን!»

ቤት ገብቼ ውጤቱን አየሁ። ሰውዬዬ ጨዋታውን አሸንፏል። የዓመቱን ዋንጫ ግን በነጥብ ድምር ሌላ ተጫዋች ወስዶታል።

በማላውቀው ሰው ሽንፈት ነው እንዲህ የተዋረድኩት!

ጎበሳ ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ወይስ ወሬው እዚያም ቀድሞኛል?