በኔ ስልክ የታመመው መንደር

እኔ ስንት ጊዜ እንዳረገዝኩ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም። ባለቤቴ ሐዋ ግን ታውቃለች፤ ስልኬን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። «ውድ ታካሚ፣ ነገ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ አለዎት» ይላል መልእክቱ። ጺሙ የሸበተ ሰውዬ ነኝ እኮ! የመጀመሪያው ዕለት ሐዋ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅና «እርጉዟ ማን ናት?» አለችኝ። ያን ቀን እራቴን የበላሁት ጎረቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ሱቅ አለኝ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ስንመጣ እናቴ አዝላኝ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህ የትም አልሄድኩ። ሱቄ ደግሞ ኔትወርክ የሚይዝ ቦታ ላይ ወደቀ። የምንታከምበት ጤና ጣቢያ ካርዱን ትቶ በኮምፒውተር መመዝገብ ሲጀምር፣ ሰዉን ሁሉ ስልክ ቁጥር ይጠይቁት ያዙ። ስልክ የሌለው ምን ይበል? የኔን የይመርን ቁጥር ሰጠ። ስልክ ያለውም የይመርን ሰጠ፤ የሱ ቻርጅ የለውማ!

ከጎኔ ያሉትን የበርታ ሽማግሌ፣ ሼህ ኢብራሂምን፣ «ምነው ሳይጠይቁኝ?» ብላቸው ከልብ ደነገጡ። «ወላሂ ይመር፣ አንተ ስልክ፣ እኛ ስልክ ነው። ልጄ ዘሃራ ነፍሰ ጡር ነው። መልእክት ሲመጣ አንተ ንገረው» አሉኝ። ምን ይባላል? ነገርኳታ። እግሯ አብጦ መራመድ ባቃታት ጊዜ ጭራሽ ባጃጅ ጠርቼ ያደረስኳትም እኔ ነኝ። ነርሷ እሷን ስትጨርስ ወደኔ ዞር ብላ «ከመጡ አይቀር» አለችና የኔንም ደም ቀዳች። ደግ ልጅ ናት።

ችግሩ፣ መልእክቱ ስም የለውም። ምስጢር ነው ተብሎ። የሰው በሽታ በሰው ስልክ እንዳይታወቅ መሆኑ ነው እንግዲህ። አንድ ስልክ ለመንደር ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? ስለዚህ የጥርስ ቀጠሮ ሲመጣ ጉንጩ ያበጠ ሰው ፍለጋ እዞራለሁ። የክትባት ሲመጣ ያዘለች ሴት ሁሉ ላይ እጮሃለሁ።

አይ የዱሮው ካርድ ክፍል! ናፈቀኝ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ግን ናፍቆኛል። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ካርድ አውጪ ነበሩ። ምስጢር የሚባል ነገር አያውቁም። በመስኮቱ ብቅ ይሉና «ይመር አሊ! የወስፋቱ!» ብለው ይለቁታል፤ ግቢው በሙሉ ይስቃል። ካርድ ሲጠፋ ደግሞ፣ ሁልጊዜም ይጠፋል፣ እስኪገኝ ማንጎው ጥላ ስር ነው የምንውለው። እናቴ ከበርታ ሴቶች ጋር ትቀመጣለች። እሷ በርታኛ አትችል፣ እነሱ የወሎ አማርኛዋ አይገባቸው፤ ግን ያወራሉ! ማንጎ እየላጡ፣ እየተነካኩ፣ እየሳቁ። ወደ ቤት ስንመለስ የሁሉንም በሽታ ዘርዝራ ትነግረኛለች። ከየት ሰማችው? እንጃላት። ያ ማንጎ ዛሬም ቆሟል። እናቴ የለችም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። አንድ ጠዋት እንዲህ የሚል መጣ፦ «ውድ ታካሚ፣ የደም ምርመራ ውጤትዎ አሳሳቢ ስለሆነ በአስቸኳይ ይምጡ።» ስም የለም። ከዚህ መንደር አንድ ሰው ክፉኛ ታሟል፤ ማን እንደሆነ ራሱ አያውቅም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አላውቅም! ዘሃራ ናት ብዬ ወደ ሼህ ኢብራሂም ቤት ሮጥኩ። ያን እግሯን አይቼዋለሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና እዚያው አንድ ጣሳ ውሃ ጠጣሁ። ሼህ ኢብራሂም መቁጠሪያቸውን ይዘው ተነሱ። ዘሃራን አልጋ ላይ አሳረፍናትና ለማንኛውም ብለን ሌሎቹንም ልንጠይቅ ወጣን። ደም የሰጠ ሰው አለ? አንዱ ቤት ውሃ ለመንኩ። በየቤቱ እየገባን ሰዉን አስደነገጥን። ሌላው ቤትም ውሃ ለመንኩ። «ይመር፣ አንተ ግመል ነው?» አሉኝ ሼህ ኢብራሂም። ሩጫው ነው አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ ዘሃራን ይዘን ጤና ጣቢያው ሄድን። ኮምፒውተሩን የምትከታተለው ሰሚራ የምትባል የአሶሳ ልጅ ናት። ስልክ ቁጥሬን መታችው። ስክሪኑ በሰው ስም ተሞላ። ስሙን አንድ በአንድ እያየች ወደ ታች ስትወርድ ዘሃራ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ሰሚራ አንዱ ስም ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይመር አሊ የሚባለው የትኛው ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«ስኳር አለብዎት። ያውም በጣም ከፍ ያለ።»

ዘሃራ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ከዚያ አፍራ አፏን ያዘች። አልተቀየምኳትም። እኔም ልቤ ውስጥ ያልኩት እሱኑ ነው፣ እስኪገባኝ ድረስ። ገብቶኝ ግን ተቆጣሁ። በጋሽ ታደሰ ጊዜ ቢሆን «ይመር አሊ! ባለ ስኳሩ!» ይባል ነበር፤ ሰው የራሱን በሽታ ፍለጋ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር! ይሄን ዕቃችሁን ለአምጪው መልሱለት አልኳት።

ሰሚራ አልተቀየመችም። ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ ነው አለችኝ። ክፍት ነው ማለት ነው፤ የሠሩት ሰዎች በነጻ ለቀውታል፤ የሚችል ሰው ውስጡን ከፍቶ ለአገሩ እንደሚስማማ ያስተካክለዋል። የተዘጋ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ለማስቀየር የኩባንያ ደጅ እንጠና ነበር አለች። እሷ ያሻሻለችውን ሸርቆሌ ጤና ጣቢያ ያሉት ይወስዱታል፤ ቡለን ያለ ጓደኛዋ የሠራውን እሷ ትወስዳለች። በበርታኛና በጉሙዝኛ እንዲጽፍም እየሞከሩ ነው። ነጋዴ ነኝና በነጻ የሚባል ነገር አልዋጥልህ አለኝ። በኋላ ገባኝ። የእድራችን ድንኳን ማለት ነዋ! የሁሉም ነው፤ ተቀዶ ያየው ይሰፋዋል።

ሰሚራም ሰፋችው። አሁን ሲመዘግቡ «ስልኩ የራስዎ ነው የሰው?» ይላሉ። የሰው ከሆነ መልእክቱ በስም ይመጣል፤ በሽታውን አይናገርም። «ለወይዘሮ ዘሃራ ይንገሩልን፣ ነገ ቀጠሮ አላቸው» ይላል። ሐዋ እፎይ አለች። ዘሃራም በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ ነው።

ትናንት ሱቄ ውስጥ ሻዬን እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። «ለአቶ ይመር አሊ ይንገሩልን፣ ነገ ቀጠሮ አላቸው።» ቁጥሬ የመንደሩ ተብሎ ተመዝግቧላ!

ሐዋ ከጓዳ «ለማን ነው?» አለች።

«ለአንድ ሰውዬ ነው።»

«ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ፤ አይሰማም እንጂ።»

ነገሩ ሸተታት መሰለኝ ብቅ አለች። ብርጭቆውን አየች፣ ማንኪያውን አየች፣ አጠገቡ የተፈታውን የስኳር ጆንያ አየች። ከዚያ በሱቁ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ ልክ እንደ ጋሽ ታደሰ፣ ለቀቀችው። «ሼህ ኢብራሂም! ዘሃራ! ኑ እዩት! ይመር ስኳሩ ላይ ስኳር እየጨመረ ነው!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይመክራል፣ ዘሃራ ልጇን አዝላ ሻዬን ደፋችው፣ ሼህ ኢብራሂም ጆንያውን ቋጠሩት። ካርድ ክፍሉ ናፈቀኝ ብዬ አልነበር? ይኸው፣ ሱቄ ድረስ መጣልኝ።